ሳይሰናበት ስልክ የሚዘጋው ሽማግሌ

ሰኞ፣ 3

ይህን ደብተር ከመዝገብ ክፍል ነው ያነሳሁት። ሽፋኑ ላይ «የተበላሹ ዕቃዎች መመዝገቢያ» ይላል። እኔን ብመዘግብበት ማንም አይከሰኝም።

ዛሬ የጋሼን ቆብ ማተሚያው ውስጥ፣ ወረቀት ማስገቢያው ላይ ደበቅኩት። ጋሼ የእናቴ ታላቅ ወንድም ነው። በዚህ ሆስፒታል የኮምፒውተር ክፍል ከተቀመጠ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው፤ እኔን ያስቀጠረኝም እሱ ነው። የትምህርት ቤቱን ደወል ከሰዓቱ ቀድሜ ደውዬ ተማሪውን በሙሉ ወደ ቤቱ ስለሰደድኩ ትምህርቴ በግማሽ ቀረ። እኔ ተውኩት ከማለት እሱ ተወኝ ማለት ይቀላል።

ቤት ውስጥ ጋሼን አንተ እለዋለሁ። የሆስፒታሉን በር ስናልፍ አንቱ ይሆናል። ስንወጣ ደግሞ አንተ። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን አልተሳሳትኩም።

የቆቡ ሕግ ይህ ነው፦ እኔ እደብቃለሁ፣ እሱ ምሳ ሳይደርስ ያገኘዋል፣ ራሱ ላይ ይደፋዋል፣ «ሌባ» ይለኛል፤ ሌላ ቃል አይጨምርም። ዛሬ ግን ሳያገኘው ዋለ። ማተሚያው ውስጥ ስደብቅ ለአራተኛ ጊዜ ነው፤ ድሮ መጀመሪያ የሚያየው እዚያ ነበር። መውጫ ላይ ራሴ አውጥቼ ሰጠሁት። አመሰገነኝ። ጋሼ እኔን አመስግኖ አያውቅም።

እንቅልፍ አጥቶ ይሆናል።

ማክሰኞ፣ 4

ሥራ አስኪያጇ ስብሰባ ጠራችን። ከኋላዋ ወይዘሮ ቶሎ እንላታለን፤ በእሷ ዘንድ ሁሉም ነገር ቶሎ ነው። እስከ ወሩ መጨረሻ የላቦራቶሪ ውጤት ገጽ በሁለት ሰከንድ ካልተከፈተ የጋሼ ማሽን ይነቀላል፤ በምትኩ ሌላ ተገዝቶ ይገባል አለች። ጋሼስ? አልተባለም። ማሽኑ ሲነቀል ጋሼ እዚያ ክፍል ውስጥ ምን ይጠብቃል?

የእኛ ሥራ እንዲህ ነው። በሽተኛው ደሙን ይሰጣል፣ ቤቱ ይሄዳል፣ ውጤቱን በስልኩ ያያል። ስልኩ ግን ውጤቱን የያዘውን ማሽን በቀጥታ አያገኘውም። መጀመሪያ የሚያገኘው ፕሮክሲ ሰርቨሩን ነው፤ እኔ በረኛው እለዋለሁ። እሱን የምይዘው እኔ ነኝ። በረኛው ጥያቄውን ተቀብሎ ከኋላ ላሉት ማሽኖች ያደርሳል፣ መልሱን ይዞ ይመለሳል። ከኋላ ሦስት አሉ። ቀጠሮና መድኃኒት የያዙት ሁለቱ አዲሶች ናቸው፤ መንትዮቹ። ሦስተኛው፣ የላቦራቶሪው፣ ፕሮግራሙን ጋሼ ራሱ የጻፈው ነው። ሽማግሌው።

ጣጣው የአነጋገር ነው። ኤችቲቲፒ ማሽኖች የሚነጋገሩበት ቋንቋ ነው፤ የዛሬ ስልኮች ሁለተኛውን ዓይነት ነው የሚናገሩት፤ በአንድ መስመር አሥር ጥያቄ አንዴ ይለቁብሃል፣ ልክ እንደ እናቴ። ሽማግሌው የሚያውቀው አሮጌውን፣ አንድ ነጥብ ዜሮን ብቻ ነው። አንድ ጥሪ፣ አንድ ጥያቄ፣ አንድ መልስ፣ ጠቅ። ጨርሻለሁ የሚለው መስመሩን በመዝጋት ነው። ጋሼም ስልክ ሲደውል ያው ነው፤ «ዳቦ አምጪ» ይላል፣ ጠቅ። ደህና ዋይ የለ፣ ደህና ሁኚ የለ። እናቴ በዚህ የተነሳ ሃያ ዓመት አኩርፋዋለች።

በረኛው መሃል ቆሞ ለስልኩ በሁለት፣ ለሽማግሌው በአንድ ነጥብ ዜሮ ያወራል። የውጤቱ ገጽ አሥራ አራት ጥያቄ አለው፤ አሥራ አራት ጊዜ መደወል፣ አሥራ አራት ጊዜ ጠቅ። ስድስት ሰከንድ ይፈጃል።

አርብ፣ 7

ቸኩያለሁ። ስብሰባ ነበር። ወይዘሮ ቶሎ ጋሼን አራት ነገር በአንድ ትንፋሽ ጠየቀችው። ጋሼ አፉን ከፈተ፣ ዘጋ። እኔ መለስኩ። ሁሉንም። ቀልድ ጨምሬበት። ሳቁ። ማንም ልብ አላለም።

ሰኞ፣ 10

ሐኪም ዘንድ አብሬው ሄድኩ። ባለፈው ወር ትንሽ ደም ረግቶ ጭንቅላቱ ውስጥ አልፏል አለው። እጁ ደህና፣ እግሩ ደህና፣ ማሰቡም ደህና ነው። ቃሉ ነው የሚጠፋበት። ያለበትን ቦታ ያውቀዋል፣ ሲደርስ ግን የለም። ቁልፍ ሊል ማንኪያ ይላል፤ እንዳልሆነም ያውቃል፤ ፊቱ ላይ ታየዋለህ።

ሲወጣ ለእናቴ እንዳልነግር አስማለኝ። በቃል አይደለም፤ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ። እሺ አልኩ። «ዝም አይነቅዝም» ይላሉ።

ቆብ መደበቁን ለጥቂት ቀን ትቼዋለሁ። ሰልችቶኝ ነው።

ረቡዕ፣ 12

ጋሼን ላስቀው ብዬ አንድ ነገር ሠራሁ። ከኋላ ያለ ማሽን በስልሳ ሰከንድ ካልመለሰ በረኛው ለሰው የሚያሳየው የስህተት ገጽ አለ፤ ደረቅ ጽሑፍ ነው። አጥፍቼ እንዲህ ጻፍኩበት፦ «ሽማግሌው እንቅልፍ ወስዶታል። እባካችሁ አንድ ሰው ይቀስቅሰው።» የተኛ ድመትም ሳልኩበት።

ጋሼ ረጅም ጊዜ አነበበው። ሁለት መስመር ነበር። ከዚያ ሳቀ። ትንሽ ዘግይቶ፣ ግን ሳቀ።

ነገ መልሼ አነሳዋለሁ።

እሑድ፣ 16

ምሳ ጋሼ ቤት። ሚስቱ ካረፈች ወዲህ እሑድ እሑድ የማበስልለት እኔ ነኝ፤ የሚያጥበው እሱ ነው። ጨው ሲበዛብኝ እንኳ ዝም ብሎ የሚበላ ሰው በዓለም ላይ እሱ ብቻ ነው።

አንድ ነገር ሊነግረኝ ፈልጎ ነበር። «ሽማግሌው… አትንኪ…» ብሎ ቆመ። እኔ እንደ ልማዴ ቀድሜ ዘለልኩ። ሶኬቱን? አቧራውን? ማቀዝቀዣውን? ራሱን ነቀነቀ። የይለፍ ቃሉን? እንደ እንቆቅልሽ ያዝኩት፤ አገር ስጠኝ ልለው ምንም አልቀረኝም ነበር። እየሳቅኩ ስቀባጥር ቀና ብሎ አየኝና ሳህኑን ይዞ ተነሳ። ውኃውን ከፈተ። ጠቅ፣ በእሱ ቤት።

ምን ሊል ነበር? ምናልባት አንድ ቃል ነው የቀረው። ቆይቼ ቢሆን ይመጣ ነበር። እኔ አልቆይም። የእኔ ምላስ ስብራት የለውም፤ ጤነኛ ነው፣ ምን ዋጋ አለው።

ማክሰኞ፣ 18

አገኘሁት። ኢንተርኔት ላይ አንድ ሰው ጽፎታል። በረኛው ከኋላ ካሉት ጋር ከዜሮው ቀጥሎ በመጣው በአንድ ነጥብ አንድ እንዲያወራና መስመሩን ከፍቶ እንዲይዘው ማድረግ ይቻላል፤ በየጥያቄው መደወል ቀረ ማለት ነው። ሦስት መስመር ብቻ ነው የሚጻፈው። በመንትዮቹ ሞከርኩት፤ በረረ። ለሽማግሌውም ያንኑ ገለበጥኩለትና ወጣሁ። ጋሼ ዛሬ ሐኪም ዘንድ ነው። ነገ ሲመጣ ገጹ በአንድ ሰከንድ ሲከፈት ያየዋል። ፊቱን ለማየት ቸኩያለሁ።

ረቡዕ፣ 19

የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል።

ከሁለት ሰዓት ጀምሮ። ውጤት የሚፈልገው ሁሉ ስልኩ ላይ ክብ ነገር ሲዞር ያያል። አንድ ደቂቃ። ከዚያ ድመቷ።

ድመቷን አላነሳኋትም ነበር።

የላቦራቶሪው መስኮት ፊት ሰው ተኮልኩሏል። አንድ አባት ልጁን ታቅፎ ስልኩን ለነርሷ ያሳያል፤ «ይቀስቅሰው ይላል እኮ፣ ማን ነው የሚቀሰቅሰው?» ይላታል፤ አይቀልድም። ቴክኒሻኖቹ ውጤት በእጅ መጻፍ ጀመሩ። አንዱ እየጻፈ ሲናገር እሰማዋለሁ፦ «ኮምፒውተሩም እንደ ባለቤቱ ሆነ። ሰውዬው ደክመዋል፤ የሚናገር የለም እንጂ።»

ጋሼ መጣ። ወይዘሮ ቶሎ ሰው ሁሉ ፊት ምን ነክተው እንደሆነ ጠየቀችው። ደጋግማ። ጋሼ ስክሪኑን አየ፣ ድመቷን አየ፣ ከዚያ እኔን አየኝ። በደንብ ነው ያየኝ። አፉን ከፈተ። የመጣለት ቃል «ማንኪያ» ነው።

ማንም አልሳቀም። እሱ ነው የባሰው።

ድመቷን የሳልኩት እኔ ነኝ አልኩ፤ ቀልድ ነበር አልኩ። ሌላውን አልተናገርኩም። ስድስት ሰዓት ላይ ሰው ሲበተን ሦስቱን መስመር አጥፍቼ ሽማግሌውን ወደ አንድ ነጥብ ዜሮው መለስኩት። በአራት ሰከንድ ውስጥ መሥራት ጀመረ። የላቦራቶሪው ሰው ጋሼን ትከሻውን መታ መታ አድርጎ «በመጨረሻ ነቁ» አለው።

ሐሙስ፣ 20

ምን እንደሆነ አሁን ገባኝ። የጋሼን ፕሮግራም ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። ከብዙ ዓመት በፊት የጻፋት አንዲት የትእዛዝ መስመር አለች፦ መስመሩን አትዝጋ የሚል ጥያቄ ከመጣ አይዘጋም። የዋህ ነው። በረኛው አትዝጋ አለው፣ እሺ አለ። መልሱንም ሙሉውን ሰጥቷል፤ አንድ ፊደል አላጎደለም። ግን ጨረስኩ ማለት የሚያውቀው በመዝጋት ብቻ ነው። መልሱ ምን ያህል እንደሆነ አስቀድሞ አይናገርም። እና በረኛው ገና የሚቀር አለ ብሎ ስልሳ ሰከንድ ይጠብቃል፤ ሽማግሌው ደግሞ ተናግሬ ጨርሻለሁ ብሎ ዝም ይላል። ሁለቱም ስልኩን እንደያዙ።

እሑድ «አትንኪ» ያለኝ ያቺን ትእዛዝ ነበር።

ከኮሪደሩ የሰማሁት፦ ወይዘሮ ቶሎ በስልክ ለአንድ ሰው «ከወሩ መጨረሻ በፊት በክብር ብንሸኛቸው ይሻላል» ትላለች። ድምፅዋ ክፉ አልነበረም። ክፉ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

ዝም አይነቅዝም ያለው ሰው የእኔን አላየም።

እሑድ፣ 23

እንዳልሄድ አስቤ ነበር። ራሴን አሞኛል ልል ስልኩን አንስቼ፣ በራስ ምታት ጋሼን እንዴት አድርጌ እዋሸዋለሁ ብዬ ሄድኩ። ድንች ነበር። ጨው ረሳሁ።

በልቶ ሲጨርስ እጁን ጠረጴዛው ላይ አድርጎ አራት ጣት ዘረጋ። ምን አራት? አልኩ። ጣቶቹን አላጠፈም። ልቀጥል ስል በሌላኛው እጁ አፌን ያዘኝ፤ እጁ ሳሙና ሳሙና ይሸታል።

«አንቺ» አለ። አንድ ጣት አጠፈ።

ከውጭ የጎረቤት ልጆች ኳስ ግድግዳውን ሲመታ ይሰማል። እኔ አፌ ተይዟል።

«ነሽ።» ሁለተኛው ታጠፈ።

ዓይኔ ሞላ፤ በዚያ ላይ አፌ ታፍኖ መልክ የለኝም።

«አውቃለሁ።» ሦስተኛው።

አንድ ጣት ቀረ። ፊቱ ሠራ፣ ደከመ፣ ደግሞ ሠራ። በሕይወቴ ሰው አፍ ውስጥ ያለ ቃል ሳልነጥቅ የጠበቅኩት ያኔ ነው። ስንት ደቂቃ እንደሆነ አላውቅም። መጣ።

«አይዞሽ።»

እጁን ዘጋ። ጨርሷል።

ምን ያህል እንደሚቀረው ስላወቅኩ ነው መጠበቅ የቻልኩት። አራት ባይለኝ ኖሮ ከሦስተኛው በኋላ መቀባጠር እጀምር ነበር። ሳህኑን ራሴ አጠብኩ።

ሰኞ፣ 24

ጠዋት ወይዘሮ ቶሎ ቢሮ ገባሁ። ቆሜ ተናገርኩ፤ ሦስቱ መስመሮች የእኔ ናቸው፣ ሳልጠይቅ፣ ሽማግሌው ላይ ሳልሞክር፣ እሱ በሌለበት። ስለ ሕመሙም ነገርኳት፤ ያንን ግን ጋሼን አስፈቅጄ ነው። ጠዋት በር ላይ ጠየቅኩት፤ አንድ ጣት አሳየኝና «እሺ» አለ።

ቶሎ አላለችም።

«ይህን ለእኔ ብቻ መንገርሽ አይበቃም» አለችኝ። «ረቡዕ ዕለት እሳቸው ሲጠየቁ የሰማ ሰው ሁሉ ከአንቺ አፍ ይስማው።»

ላቦራቶሪው መስኮት ጋ ሄጄ ነገርኳቸው። አንድም ቀልድ አልጨመርኩበትም። እንዲህ ሆኜ አላውቅም፤ ደወሉን ስደውል እንኳ። ትከሻውን መታ መታ ያደረገው ቴክኒሻን መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። ከሰዓት በኋላ ለጋሼ ሻይ ይዞለት ሲገባ አየሁት።

ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ ተሰጥቶኛል። የወሩ መጨረሻ ግን አልተራዘመም። ስድስት ቀን።

ረቡዕ፣ 26

ጋሼ ሦስት ጣት። «ቁጥሩን። አስቀድሞ። ይናገር።»

ገባኝ። ሽማግሌው መልስ ከመስጠቱ በፊት መልሱ ስንት ፊደል እንደሆነ ይናገር። ያኔ መስመሩ ክፍት ቢሆንም በረኛው ቆጥሮ ይቀበላል፤ ሲሞላ ሞላ ነው፣ ማንም ማንንም ተንጠልጥሎ አይጠብቅም።

እንዲህ እንሠራለን፤ እሱ ስክሪኑ ላይ በጣቱ ያሳያል፣ እኔ እጽፋለሁ። ስሳሳት ጠረጴዛውን ይመታል። ዛሬ ጠረጴዛው አንድ ከበሮ ያህል ተመትቷል። እንደ ድሮው ነው። ሁለት ጊዜ ሳቀ፤ አልዘገየም።

ቃሉ ይጠፋበታል እንጂ ፕሮግራሙን አንዲት ሰረዝ አልረሳትም።

አርብ፣ 28

ጋሼ በላ። ተኛ። ተነሳ። ጻፍን። ውጤቱ ውስጥ አንድ የሰው ስም በረኛው እንደ ሁለት የሚቆጥረው እንግዳ ፊደል ነበረው፤ ቆጠራው በአንድ ጎደለ፣ መጨረሻው ተቆረጠ። ጋሼ አንድ ጣቱን ስክሪኑ ላይ ሲያሳርፍ ሦስት ሰዓት ሙሉ የፈለግኳት ስህተት ያቺ ፊደል ሆና ተገኘች። ልስመው ነበር፤ ሥራ ቦታ ነውና አንቱ ብዬ ተውኩት።

እሑድ፣ 30

ሆስፒታሉ ጭር ስላለ ዛሬ ሞከርነው። አሁን በመጀመሪያ በራሱ በሽማግሌው ላይ ነው የሞከርኩት፤ አንድ ጊዜ አይደለም፣ መቶ ጊዜ።

ወይዘሮ ቶሎ የእጅ ሰዓቷን ይዛ መጣች። ስልኳን ከፈተች። ስልኩ በሁለት ጠየቀ፣ በረኛው በአንድ ነጥብ አንድ አደረሰ፣ ሽማግሌው ቁጥሩን አስቀድሞ ተናገረ። መስመሩ አንዴ ተከፈተ፣ አሥራ አራቱም በእሱ ላይ ሄዱ።

አንድ ሰከንድና ትንሽ።

ሰዓቷን ኪሷ ከተተች። ለጋሼ ጎንበስ ብላ «ማሽንዎ አይነቀልም» አለችው። ከዚያ ስለ እሱ ራሱ መናገር ጀመረች። ጋሼ እጁን አንስቶ አስቆማት። ሁለት ጣት። ጠበቀች፤ እሷም ጠበቀች። «እሄዳለሁ» አለ። ሁለተኛው ቆይቶ መጣ። «ልጄ ጋ።»

እኔ አልሰማሁም ነበር። ሴት ልጁ ያለችበት ከተማ ንግግር መልሶ የሚያስተምር ሐኪም አለ። ከልጁ ጋር ነገሩን ጨርሰዋል። እናቴም ታውቃለች። ምስጢር ጠባቂዋ እኔ ብቻ ነበርኩ።

ማክሰኞ፣ 2

ቁልፎቹን ሰጠኝ። ሦስት ናቸው። በስማቸው ጠራቸው፤ አንዱንም ማንኪያ አላለውም። ብጠብቅ ቃላቱ እንደሚመጡ ከዚህ በፊት እንዳላይ ማን ከለከለኝ?

ሐሙስ፣ 4

ድመቷን አነሳኋት። በቦታዋ፦ «መልሱ ዘግይቷል። ይቅርታ፤ እንደገና ይሞክሩ።» ጋሼ አነበበና እንደ ጨው አልባ ድንች ፊቱን አጨማደደው።

አርብ፣ 5

ልጁ በመኪና መጣች። ሻንጣ ስጭን ቦርሳዬን ጋሼ ያዘልኝ። ቴክኒሻኖቹ መስኮቱ ጋ ተደርድረው ቆሙ፤ ወይዘሮ ቶሎ እንኳ ቸኩላ አልገባችም። እናቴ ሃያ ዓመት ያጠራቀመችውን ደህና ሁን በሙሉ ደረደረችለት።

ራሱ ባዶ ነበር። ቆቡን ሻንጣ ውስጥ ከትተውት ይሆናል ብዬ አልጠየቅኩም። መደበቅ ከተውኩ ስንት ጊዜዬ።

በሆስፒታሉ በርና በመንገዱ መሃል ቆመን አንተ ልበለው አንቱ ጠፋኝ። ጋሼ ሦስት ጣት ዘረጋ።

«ጎበዝ።»

ጠበቅኩ።

«ልጅ።»

ጠበቅኩ። ልጁ መኪናውን አስነሳች። ሦስተኛው ጣቱ እንደቆመ ነው፤ አፉ ይሞክራል፣ የለም። እኔ አልገመትኩለትም። በመጨረሻ ጣቱን ሳያጥፍ በመስኮቱ እያሳየኝ ሄደ። ማዞሪያው ጋ እስኪሰወር ይታየኝ ነበር።

ሦስት ብሏል። አንድ ይቀራል።

ቅዳሜ፣ 6

ዛሬ ብቻዬን ገባሁ። ሽማግሌው ደህና ነው። በረኛው ደህና ነው። ክፍሉ ሰፍቷል። ማተሚያው ውስጥ ሁለት ጊዜ አየሁ፣ ምን እንደምፈልግ ሳላውቅ።

ቤት ስደርስ ቁልፍ ፈልጌ ቦርሳዬን ገለበጥኩት። ማበጠሪያ፣ ሦስቱ ቁልፎች፣ ደረቅ ብስኩት። ከሥር፣ በአራት ታጥፎ፣ ቆቡ።

ብዙ ጊዜ ይዤው ቆምኩ። ከዚያ ደወልኩለት።

ተነሳ። ዝም። ድሮ ቢሆን ሃሎ ሃሎ እያልኩ ጆሮውን አደነቁረው ነበር። ልጁ ከወዲያ «ማነው አባዬ?» ስትል ሰማኋት። የማንኪያ ድምፅ፣ የሚፈስ ውኃ። ትንፋሹን እሰማለሁ፤ ሲሠራ፣ ሲደክም፣ ደግሞ ሲሠራ። ቆቡን ራሴ ላይ ደፍቼ ግድግዳውን ተደግፌ ቁጭ አልኩ። ጊዜ አለኝ።

«ሌባ» አለኝ።

ጠቅ።